ጠንካራ ወንበር የማን ውሳኔ ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም፣ ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ባቡር የሚጠብቁ ተጓዦች አንድ እንግዳ ጥያቄ ይቀርብላቸው ነበር፦ «እባክዎ፣ እዚህ ወንበር ላይ አንድ አፍታ ይቀመጡልን»። ወንበሩ መለኪያ የተገጠመለት ነው። የዳሌ ስፋት፣ የክርን ከፍታ፣ ከጉልበት እስከ ወለል ያለው ርዝመት፣ ከመቀመጫ እስከ ትከሻ ያለው ቁመት ይመዘገባል። ሥራውን የሚመሩት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰውን አካልና ዝርያ በማጥናት የታወቁት ፕሮፌሰር ኧርነስት ሁተን ናቸው። ጥናቱን ያዘዘው ደግሞ የባቡር ወንበር የሚያመርተው ሄይውድ ዌክፊልድ የተባለ ኩባንያ ነው። ከ3,800 በላይ ወንዶችና ሴቶች ተለክተው ውጤቱ በ1945 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ያወጣው «ስሊፒ ሆሎው» የተሰኘ ወንበርም በአሜሪካ የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ስሙ የተነሣ ሆነ።

ለመቀመጫ ይህ ሁሉ ድካም ሊያስቅ ይችላል። ከተሳፋሪው በኩል ሲታይ ግን ቀልድ የለበትም። መንገደኛ ሞተሩን አያይም፣ ሐዲዱን አይነካም፣ ሻንሲው ከምን ብረት እንደተሠራ አይጠይቅም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ገላው የሚያርፈው አንድ ክንድ በምታህል ስፋት ላይ ነው። ብዙ ሚሊዮን የፈሰሰበት ተሽከርካሪ ደግ ይሁን ክፉ የሚፈረድበት እዚያችው ላይ ነው። ነገር ግን ተሽከርካሪ ሲገዛም ሆነ ሲገጣጠም ስለ ወንበር የሚወራው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚወራውም ስለ ብዛቱ ነው። «ስንት ሰው ይጭናል?»

ጠንካራ ወንበር ብዙ ጊዜ የድህነት ዕዳ ተደርጎ ይታያል። አቅም ሲኖር ይለሰልሳል፣ እስከዚያው መቻል ነው ይባላል። የባቡር ወንበር ታሪክ ሲገለጥ ግን ይህ አባባል አይቆምም። ለስላሳው ወንበር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተፈታ እንቆቅልሽ ነው፤ ተሳፋሪው የተከለከለው በአብዛኛው አንድ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ ስለወሰነበት ነው።

በ1830 በተከፈተው የሊቨርፑልና ማንቸስተር መስመር አንደኛ ማዕረግ የቆረጠ ሰው ጣሪያ ባለው ሠረገላ፣ በደንብ በታጨቀ ወንበር ላይ ይሄዳል። ሁለተኛ ማዕረግ የያዘው ጎኑ ክፍት በሆነ ሠረገላ ሳንቃ ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ የመጣው ሦስተኛ ማዕረግ በብዙ የእንግሊዝ መስመሮች ላይ ጎኑ ያጠረ፣ ሰማይ ጣሪያው የሆነ ፉርጎ ነበር። በ1841 የፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ሶኒንግ በተባለ ስፍራ ዝናብ የናደው አፈር ሐዲዱ ላይ ተከመረ። የግሬት ዌስተርን ኩባንያ ባቡር መጥቶ ገባበት፤ በክፍት ፉርጎ ላይ የነበሩት ተወርውረው ወደቁ፣ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ። ከተጓዦቹ መካከል ለንደን ውስጥ አዲሱን የፓርላማ ሕንፃ ሲገነቡ ቆይተው ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1844፣ እነሱ ሲገነቡት የነበረው ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ፦ እያንዳንዱ ኩባንያ በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር፣ በማይል ከአንድ ፔኒ በማይበልጥ ዋጋ፣ ወንበርና ከዝናብ መጠለያ ባለው ሠረገላ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ስለ ወንበሩ ልስላሴ ግን ሕጉ ዝም አለ። ኩባንያዎቹም ሳንቃ ሰጡ፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነበርና።

ሳንቃው ለምን ሳንቃ እንደሆነ ከሁሉ አጥርቶ ያስረዳው ፈረንሳዊው መሐንዲስና የኢኮኖሚ ሊቅ ዡል ዱፕዊ ነው። በ1849 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለሦስተኛ ማዕረግ ጣሪያ ማልበስና ወንበሩን መሸፈን የሚጠይቀው ገንዘብ ከቁም ነገር የሚገባ እንዳልሆነ አሳየ። ኩባንያው የሚሰጋው በሌላ ነው። ሦስተኛው ማዕረግ ከተመቸ፣ የሁለተኛውን ዋጋ መክፈል የሚችለው ሰው ወደዚያ ይወርድበታል። ስለዚህ ድሃው እንዲቆረቁረው የሚደረገው ያለው ሰው እንዲፈራ ነው። ዛሬ የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጡ ሰዎች ዱፕዊን ባያነቡትም ሒሳቡን በቃላቸው ያውቁታል።

ሒሳቡን ገልብጦ ያሳየም ኩባንያ ነበር። በ1875 ሚድላንድ የተባለው የእንግሊዝ ባቡር፣ በዋና ሥራ አስኪያጁ በጄምስ ኦልፖርት መሪነት፣ ሁለተኛ ማዕረግን ጨርሶ ሰረዘ። የአንደኛውን ዋጋ ወደ ሁለተኛው አወረደ፤ የሦስተኛውን ተሳፋሪ ደግሞ ከሳንቃ አንሥቶ የታጨቀ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ተፎካካሪዎቹ አብደዋል አሉት፤ ቀስ በቀስ ግን ተከተሉት፣ ያለዚያ ተሳፋሪው ወደ ሚድላንድ ይሄድባቸዋልና። በተቀረው አውሮፓ ነገሩ ዘገየ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «የእንጨት ማዕረግ» እያሉ የሚቀልዱበት ሦስተኛ ማዕረግ በምዕራብ አውሮፓ የባቡር ድርጅቶች የተሻረው በ1956 ነው።

እንግዲህ ወደ ወንበሩ ሆድ እንግባ።

በ1804 እንግሊዛዊው ኦባዳያ ኤልየት ሁለት ቅስት ባሌስትራዎችን አፋጥጦ ለፈረስ ሠረገላ በመግጠም የፈጠራ ባለመብትነት አገኘ። ያ ግን የሠረገላው ሞላ ነው፤ የወንበሩ ገና ነበር። በ1822 ጌኦርግ ዩኒግል የተባለ የቪየና ወንበር አልባሽ ባለሞላ መቀመጫ ለመሥራት ፈቃድ ተሰጠው። ለንደን ውስጥ የጦር ሰፈር ዕቃ ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ፕራት ደግሞ በ1826 መርከብ ላይ የሚያጥወለውለውን ሰው ለማሳረፍ አስቦ የሚወዛወዝ መቀመጫ አስመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅል ሽቦ የተሠራ የአልጋ፣ የትራስና የወንበር ሞላ አወጣ። ተጓዥን ማሳረፍ ከሞላ ወንበር የመጀመሪያ ዓላማዎች አንዱ ነበር ማለት ነው።

አሠራሩ ለማየት ቀላል፣ ለመሥራት ግን ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው የታችኛውን ክፍል ወዲያው ያውቀዋል፤ በእንጨቱ ወይም በብረቱ ክፈፍ ላይ ጠፍሩ እየተሸራረበ ይወጠራል። በላዩ ሞላዎቹ ተሰልፈው ይሰፋሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሞላ ከጎረቤቶቹ ጋር በሲባጎ ይታሰራል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ በሰያፍ። እስሩ ላልቶ ከሆነ ሞላው ይጋደማል፤ ጠብቆ ከሆነ ሞላው መኖሩ ትርጉም ያጣል። በላዩ የጆንያ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ተጠምዝዞ የተቀቀለ የፈረስ ፀጉር፣ ከዚያ ስስ ጨርቅ፣ በመጨረሻ የሚታየው ልብስ ይመጣል። ፀጉሩ ለልስላሴ ብቻ አይደለም። ሞላ ብቻውን ሲተው እንደ ልጅ ይዘላል፤ የፀጉሩና የጆንያው ፍትጊያ ነው ዝላዩን የሚበላው።

የሞላው ቅርጽም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ከላይና ከታች ሰፍቶ ወገቡ ላይ ይጠባል። ሰፊው ቀለበት ልል ስለሆነ መጀመሪያ ይረግጣል፤ ጠባቡ ጠንካራ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቋቋማል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ልጅም መቶ ኪሎ የሚመዝን ነጋዴም በየልካቸው ያርፉበታል። አንዱ ሞላ ለሁለት ዓይነት ገላ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። በእርሳስና በወረቀት ዘመን ይህን ያሰቡ ሰዎች ሊደነቁ ይገባል።

አሁን ትንሽ ቁጥር። የእንግሊዙ ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ሞላ የሚረግጠው በተጫነው ልክ ነው። ከዚህ ሕግ አንድ ለወንበር ሠሪ እጅግ የሚጠቅም ስሌት ይወጣል። ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ካለ፣ ሰውና ወንበር አንድ ላይ በሴኮንድ 5 ጊዜ ያህል የመወዛወዝ ጠባይ ይኖራቸዋል። 4 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ወደ 2.5 ጊዜ፣ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 1.6 ጊዜ ይወርዳል። በሌላ በኩል፣ ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው ከላይ ወደ ታች ከሚመላለስ ንዝረት ሁሉ የከፋው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመታው ነው። ሆድ ዕቃውና አከርካሪው በዚያ ፍጥነት አብረው የመንቀጥቀጥ ዝንባሌ አላቸው። አይ.ኤስ.ኦ. 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ የመጀመሪያ እትሙ በ1974 የወጣው፣ ለዚህ የንዝረት ክልል ከፍተኛ ክብደት የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ወንበር ይጋለጣል። በእጅ ሲጫኑት ለስለስ የሚል፣ ሲቀመጡበት ግን አንድ ሴንቲሜትር ብቻ የሚወርድ ቀጭን ስፖንጅ፣ ንዝረትን የሚያጎላው ገላ በጣም በሚጎዳበት ፍጥነት ላይ ነው። ሞላ ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው ከራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት ከ1.4 እጥፍ በላይ ለሆነ ምት ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ያሳልፋል ወይም ያባብሳል። በዚህ የተነሳ መጥፎ «ለስላሳ» ወንበር ከሳንቃ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳንቃ የመጣውን ያቀብላል፤ መጥፎ ስፖንጅ ጨምሮ ያቀብላል።

ታዲያ 10 ሴንቲሜትር የሚሰምጥ ወንበር ሠርቶ መገላገል አይቻልም ወይ? የድሮ ሐዲድ መልስ ይሰጣል። ሐዲዱ በየ12 ሜትሩ የተገጣጠመ ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር መገጣጠሚያውን በሴኮንድ 1.4 ጊዜ ይመታዋል። በሴኮንድ 1.6 ጊዜ መወዛወዝ የሚወደው ጥልቅ ሞላ ይህን ምት ሲያገኝ እሺ ብሎ ይጨፍርበታል፤ ተሳፋሪው ከመቆርቆር ይድንና ሲናጥ ይውላል። ከዚህም ሌላ ጥልቅ ወንበር ዳሌን ወደ ኋላ ያስገለብጣል፣ ጀርባን ያጎብጣል፣ ሽማግሌን ሲነሣ ያስቸግራል።

ስለዚህ ብልህ ወንበር ሠሪ ከወንበሩ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው ከሥር ያለው ተሽከርካሪ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ነው። ጥሩ የባቡር ሠረገላ በመንኮራኩሩና በወለሉ መካከል ሁለት ደረጃ ሞላ አለው፤ ከባዱን ምት እሱ ውጦ ይጨርሰዋል። ለወንበሩ የሚቀርለት የገላን ክብደት ከሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ አንሥቶ ማሰራጨትና የቀረችውን ትንሽ ንዝረት ማጥፋት ነው። ትራክተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሞላ የለም፤ ጎማና ወንበር ብቻ። የጥንቱ ትራክተር ሹፌር በአንድ ባሌስትራ ጫፍ ላይ በተበሳሳ የብረት ሳህን ተቀምጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ሥዕሉ ያስቃል፤ ያ አንድ ባሌስትራ ግን የሹፌሩ ብቸኛ ጠበቃ ነበር። በ1948 የወጣው ሲትሮየን ዱ ሽቮ ደግሞ ገላው ከመንገዱ ጋር በረጅምና ልል ሞላ ስለተለያየ፣ ወንበሩ ቱቦ ላይ በላስቲክ የተወጠረ ጨርቅ ብቻ ሆኖ ይበቃው ነበር።

የሞላ ወንበርን ከገበያ ያስወጣው መበላሸቱ ወይም ምቾት ማጣቱ አልነበረም። በ1929 የእንግሊዙ ደንሎፕ የጎማ ዛፍ ወተትን አረፋ አድርጎ ማጠንከር ቻለ። በ1937 ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ለፖሊዩረቴን በር ከፈቱ፤ በ1950ዎቹ ከእሱ የሚሠራው ለስላሳ ስፖንጅ በብዛት መመረት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ወንበር የሚታሰር ሳይሆን በቅርጽ የሚፈስ ሆነ። ሲባጎ አሳሪ አያስፈልግም፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ቅርጹ እንደተፈለገው ይወጣል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ ስፖንጅን መርገም ሞኝነት ነው። የድሮዎቹ ፎልክስዋገንና መርሴዲስ ወንበሮች ሞላው ላይ በጎማ የተያያዘ የኮኮናት ቃጫ ወይም ፀጉር ጭነው ብዙ አሥርት ዓመታት ማገልገላቸው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግዴታ እንዳልሆነ ያሳያል። ጃፓኖችም ይህን አልረሱም። በ2007 ሥራ የጀመረው ኤን 700 ሺንካንሰን ባቡር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ፣ ተሳፋሪው የተቀመጠው ሞላና ዩረቴን ተጣምረው በተሠሩበት ወንበር ላይ ነው። የሳሙኤል ፕራት ሽቦ እዚያ ደርሷል።

በተቃራኒው የባቡር እናት ነኝ የምትለው እንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ ለንደንን አቋርጠው በሚያልፉት አዳዲስ የቴምስሊንክ ባቡሮች ላይ ቀጭንና ጠንካራ ወንበር ገጠመች። ተሳፋሪው «የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ» የሚል ስም አወጣለት። ባቡሮቹ አዳዲስ ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ አገሪቱም ድሃ አይደለችም። ጠንካራው ወንበር የወጣው ከግዢ ሰነድ ነው።

ለጠንካራ ወንበር የሚሟገቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ከሁሉ የከበደው ክርክራቸው እሳት ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2003 በደቡብ ኮርያዋ ዴጉ ከተማ አንድ ሰው ምድር ውስጥ ባቡር ላይ ነዳጅ ለኩሶ 192 ሰዎች አለቁ። የወንበሩ ስፖንጅ፣ የወለሉና የግድግዳው ፕላስቲክ እሳቱንና መርዘኛውን ጭስ መገቡት። ከዚያ በኋላ ኮርያ የባቡሮቿን ውስጥ በማይቀጣጠሉ ነገሮች ቀየረች፤ አንዳንዱ ባቡር ላይ ተሳፋሪው የማይዝግ ብረት ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ይህን የሰማ ሰው በስስ ወንበር ለማማረር ያፍራል። ነገር ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል። እሳቱን የመገበው ልስላሴ አይደለም፣ ፔትሮሊየም ወለድ አረፋ ነው። የብረት ሞላ አይነድም። እሳት በሚቋቋም ስስ ምንጣፍና በሱፍ ልብስ የተሸፈነ ሞላ፣ ወፍራም ስፖንጅ ሊሰጥ የሚችለውን ዕረፍት በጥቂት ተቀጣጣይ ነገር ሊሰጥ ይችላል። የእሳት ሕግ ሲጠብቅ ሞላ መልሶ ሊታሰብ ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ የተደረገው ስፖንጁን ማሳሳት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ንጽሕና ነው። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢው ባርት ባቡር በ1972 ሲከፈት የሱፍ ወንበርና ምንጣፍ ነበረው፤ ለተሳፋሪ የተደረገ ክብር ነበር። በ2011 ወንበሮቹ ተመርምረው የሰገራ ባክቴሪያ ሳይቀር ሲገኝባቸው ድርጅቱ በሚጠረግ ቪኒል ቀየራቸው። በኒውዮርክም የቀድሞዎቹ ምድር ውስጥ ባቡሮች በተሸመነ ቀርከሃ መሰል ልብስ የተሸፈነ ባለሞላ ወንበር ነበራቸው፤ በምላጭ የሚቀድና የሚጽፍ ሲበዛ ቦታውን ለጠንካራ ፋይበር ለቀቁ። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ሃያ ደቂቃ ለሚሄድ፣ ግማሹ ቆሞ ለሚሳፈርበት የከተማ ባቡር የሚታጠብ ፕላስቲክ ተገቢ ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወንበሩ ፕላስቲክ ቢሆን ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ የዚያ ባቡር ተሳፋሪ ችግር ከወንበር በፊት ብዙ ነው።

ረጅም መንገድ ሌላ ነው።

ኢትዮጵያም የባቡር ወንበርን ማዕረግ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። በ1897 ከጅቡቲ መሠራት ጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የምድር ባቡር መስመር ተሳፋሪን በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማዕረግ እየለየ ይጭን ነበር። የሦስተኛው አግዳሚ ምን እንደሚመስል በድሬዳዋና በአዋሽ መካከል ሌሊቱን ያሳለፉ አዛውንቶች ለመናገር ገና አልደከሙም። በ2018 አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መስመር ከቻይና የመጣ ነው፤ የቻይና ባቡሮች ማዕረጋቸውን በግልጽ «ጠንካራ ወንበር» እና «ለስላሳ አልጋ» እያሉ የሚጠሩ ናቸው። ቢያንስ አይዋሹም።

ይሁን እንጂ በአገሪቱ ለብዙ ሰው ረጅም መንገድ ማለት አውቶቡስ፣ ሚኒባስና ቅጥቅጥ ነው። ወንበር ሠሪው ሊያስብበት የሚገባውም ቅጥቅጡ ላይ ነው። ቅጥቅጥ የሚሠራው በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ገላ በመቀጥቀጥ ነው። የጥበቡ ድፍረትና የእጁ ብልሃት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የሻንሲው የኋላ ባሌስትራ የተሰላው ለእህልና ለሲሚንቶ ነው። 24 ተሳፋሪ በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 16 ኩንታል አይሞላም፤ ባሌስትራው የሚጠብቀው ግን ከዚያ እጥፍ የሚበልጥ ጭነት ነው። ጭነቱ ካልሞላ ባሌስትራው አይረግጥም፤ ካልረገጠ መንገዱን እንዳለ ወደ ላይ ይልከዋል። እዚያ ላይ ብረት ክፈፍ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሦስት ጣት የማይሞላ ስፖንጅና ላስቲክ ልብስ ይገጠማል። ከላይ የተጠቀሰው የአንድ ሴንቲሜትር ወንበር ማለት ይህ ነው። ከጭነት መኪናነት ወደ ሰው ማመላለሻነት የተቀየሩ፣ ወንበራቸው እዚሁ የተገጠመላቸው ሚኒባሶችም ከዚህ ብዙ የራቁ አይደሉም።

መፍትሔው ውድ ወንበር ማስመጣት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ ባሌስትራው ለሰው ጭነት ሊስተካከል ይገባል፤ ይህ የወንበር ሠሪው ሳይሆን የገላ ሠሪው ሥራ ነው። ቀጥሎ ወንበሩ ጠፍጣፋ ኮምፔንሳቶ ላይ ሳይሆን በተወጠረ ጠፍር ወይም በእባብ ቅርጽ በተጠማዘዘ የሞላ ሽቦ ላይ ቢያርፍ፣ ያው ስፖንጅ ራሱ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ተጨማሪ መርገጫ ያገኛል። የእባብ ሽቦው በመኪና ወንበር ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ሲበጠስ የሚጠገን ነው። ስፖንጅ ሲሞት ይጣላል፤ ሞላ ሲላላ ግን በየጋራዡ ጥግ ያለ ወንበር አልባሽ ከፍቶ ያስረዋል። ለጥገና እንጂ ለመጣል በማይመች ኢኮኖሚ ውስጥ ይህ ትልቅ ሚዛን የሚደፋ ነጥብ ነው። በዚህ የሚደናገጥ አስመጪ ይኖራል፤ ቢደናገጥም ጥሩ ነው።

ለትልልቅ ገዢዎች ደግሞ ወንበር በግዢ ሰነድ ውስጥ ከ«ምቹ» ከሚለው ቃል የተሻለ ነገር ያስፈልገዋል። ምቹ የማይል ሻጭ የለም። ሰነዱ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚረግጥ፣ ከወለሉ ንዝረት ውስጥ ስንቱን ወደ ገላ እንደሚያሳልፍ፣ እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ ከዓመታት በኋላም ሽቦውና ልብሱ ለየብቻ ሊቀየሩ ይችሉ እንደሆነ ነው። መለካት ቅንጦት ነው የሚል መልስም አይሠራም። በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ኪስ ውስጥ ያለው ዘመናዊ ስልክ የንዝረት መለኪያ አለው፤ እንደ ቤተ ሙከራ መሣሪያ የጠራ ባይሆንም ሁለት ወንበር በአንድ መንገድ ላይ ለማወዳደር ይበቃል። ሁተን በ1945 ያልነበራቸው ነገር ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም ወንበር የማይበቃ ከሆነ መጀመር ያለበት ከሹፌሩ ነው። ተሳፋሪው መንገዱን በወር አንዴ ይሄደው ይሆናል፤ ሹፌሩ በየቀኑ ይሄደዋል። የወገብ ሕመምና የረጅም ጊዜ ንዝረት ያላቸው ቁርኝት በብዙ ጥናት የተመዘገበ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ አሠሪ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሠራተኛው የሚደርስበት ንዝረት 0.5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ሲያልፍ እርምጃ እንዲወስድ፣ 1.15ን ከቶ እንዳያልፍ አስገድዷል። ለዚህ ነው የከባድ መኪና ሹፌር ወንበር ከሥሩ የራሱ ሞላ፣ ወይም የአየር ከረጢት፣ አብሮም ዝላይ የሚበላ አሞርተዘር የሚገጠምለት። ይህ ዓይነቱ ወንበር ከ1 እስከ 2 ጊዜ በሴኮንድ ብቻ ስለሚወዛወዝ ክፉውን የንዝረት ክልል ከሥሩ ያስቀረዋል።

ወደ አገር የሚገቡ ብዙ ከባድ መኪኖችና አውቶቡሶች ይህን ወንበር ይዘው ይመጣሉ። ወንበሩ ሥር ወይም ጎን አንዲት እጀታ አለች፤ የሹፌሩን ክብደት የምታስተካክል ናት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሹፌር የተስተካከለ ወንበር ላይ 95 ኪሎ የሚመዝነው ተረኛ ሲቀመጥ ሞላው እስከ መጨረሻው ይረግጥና በየጉድጓዱ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ እንዲህ ሲሆን ከሳንቃ የከፋ ምት ወደ አከርካሪው ይገባል። ተቀያይረው የሚነዱ ሁለት ሹፌሮች መሪውን ሲረካከቡ እጀታዋን ለማዞር የሚፈጅባቸው ጊዜ መስታወት ለማስተካከል ከሚፈጀው አይበልጥም። የመኪናው ባለቤት መኪናውን ሲያስረክብ ስለ ዘይትና ስለ ጎማ ከሚሰጠው ማሳሰቢያ ጋር ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምንም አይከፍልም።